ለአጭር ጊዜ ቅጥር ከመፈረም በፊት፦ ስለ ሥራ ሰዓት የሰሜን ሸዋ ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ለሁለትና ለሦስት ወር ብቻ ነርስ መፈለግ የተለመደ ነው። አንዷ ወሊድ ትወጣለች፣ አንዱ ትምህርት ይሄዳል፣ ክረምቱ ሲወጣ በቀወትና በኤፍራታ ቆላ ወባ ይበረታል፣ አንድ ፕሮጀክት ለጥቂት ወራት ተጨማሪ ባለሙያ ይጠይቃል። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ አረርቲ የሚሄደው ነርስ ስለ ደመወዙና ስለ ቤት ኪራዩ በደንብ ተነጋግሮ ነው የሚነሣው። ስለ ሰዓቱ ግን «እዚያ ስትደርሱ ትስማማላችሁ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ለዓመታት የተረኛ ሰሌዳ ሳወጣ የኖርኩ ነርስ ነኝ። በአጭር ጊዜ ቅጥር ሰው ሲማረር ያየሁት ከገንዘቡ ይልቅ ሳይነገር በታለፈው ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከባልደረቦቼ በስልክም በአካልም የሚመጡልኝ ናቸው።

ደመወዙን ተስማምተናል። የሰዓቱን ነገር ሥራ ስጀምር ብነጋገርበት ምን ችግር አለው?

ከመፈረምዎ በፊት ክፍት የሆነው ቦታ የአሠሪው ጭንቀት ነው። ሻንጣዎን ይዘው ከደረሱ በኋላ ጭንቀቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ቤት ተከራይተዋል፣ የቀድሞ ሥራዎን ለቀዋል፣ ለመመለስም የመኪና ወጪ አለ። በዚያ ላይ ቆመው «ሌሊት በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አልችልም» ቢሉ የሚሰማዎት ሰው ቢኖር እንኳ ሰሌዳው አስቀድሞ ወጥቷል።

ሰሌዳ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ይጠቅማል። ኃላፊዋ በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብላ መጀመሪያ የምታስገባው ጥያቄ ያቀረቡትን ነው፦ ሰርግ ያለበትን፣ ፈተና ያለባትን፣ ሕፃን የምታጠባውን። የሚቀረው የቅዳሜ ሌሊት፣ የበዓል ዋዜማና የእሑድ ከሰዓት ነው። እዚያ ክፍተት ላይ የሚገባው ስሙን እንጂ ፍላጎቱን ማንም የማያውቀው አዲስ ሰው ነው። ይህ ሲሆን ሁልጊዜ ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ጥያቄ ያላቀረበ ሰው ጥያቄ እንደሌለው ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ ሰሌዳው ከመውጣቱ በፊት ወረቀት ላይ መድረስ አለበት።

መደራደር ያለብኝ ከማን ጋር ነው? የቀጠረኝ ሰው «ችግር የለም» ብሎኛል።

ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ውሉን የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው፣ ሰሌዳውን የሚያወጣው ሌላ። የክሊኒኩ ባለቤት፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ወይም አገናኝ ኤጀንሲው «ችግር የለም» ሲል ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ተረኛ ሲጎድል ስልክ የምትመታው ኃላፊ ነርሷ ወይም ሜትሮኗ (የተቋሙ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ) ናት፤ እርሷ ደግሞ የተባለውን ቃል አልሰማችም። እዚያ ክፍል ቆመው «እኔ እኮ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቻለሁ» ማለት በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ባልደረባ ጋር መቀያየም ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመፈረምዎ በፊት የኃላፊ ነርሷን ስልክ ጠይቀው ይደውሉ። የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ መሆን የለበትም፦

«ሲስተር፣ እንደምን ዋሉ? ለሦስት ወር ወደ እናንተ ልመጣ እየተነጋገርኩ ነው። ከመፈረሜ በፊት የሰዓቱን ነገር ከእርስዎ መስማት ፈልጌ ነው። ተራችሁ በ8 ሰዓት ነው ወይስ በ12? ሌሊት በወር ስንት ጊዜ ይደርሳል? ሰሌዳው ከስንት ቀን በፊት ይወጣል? የቀረ ሰው ሲኖር ማን ይተካል?»

ይህ ጥያቄ አያስቀይምም። ልምድ ያላት ኃላፊ እንዲያውም እንዲህ የሚጠይቅ ሰው በኋላ ጥሏት እንደማይጠፋ ታውቃለች። ለመጨረሻው ጥያቄ የምትሰጠውን መልስ በጥሞና ያዳምጡ። «እንተጋገዛለን» ብቻ ብላ ካለፈች፣ የሚተካው የቅርብ ጊዜ መጪው፣ ማለትም እርስዎ ነዎት። ንግግሩ ሲያልቅ የተስማሙበትን በአጭር መልእክት ጽፈው ለእርሷም ለቀጣሪውም ይላኩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ሕጉ ስለ ሥራ ሰዓት ምን ይላል?

የግል ክሊኒክ፣ የግል ሆስፒታል ወይም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሚቀጥርዎ ከሆነ መነሻዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ተገድቧል። ሠራተኛን ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ ማስገደድም አይቻልም፤ አሠሪው ሌላ መንገድ ሲያጣና አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ካልሆነ በቀር። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ መተካት ነው። ለእኛ ሙያ ይህ ሰፊ በር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ነርስ የሚቀርበት ክፍል ሁሉ በዚህ ይገባል። ስለዚህ «ሕጉ ይጠብቀኛል» ብሎ ከመተው በውሉ ውስጥ ጠበብ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

የሳምንት ዕረፍት በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ነው። ጤና ተቋም በእሑድ ስለማይዘጋ ዕረፍቱ በሌላ ቀን ሊተካ ይችላል፤ ሊቀር ግን አይችልም።

በመንግሥት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ በኮንትራት የሚገቡ ከሆነ የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግና በክልሉ መመሪያ ነው። የዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተረኝነት) ክፍያ ተመኑም የሚወሰነው በዚያው ነው። እዚያ ተመኑ ላይ መደራደር አይቻል ይሆናል፤ በወር ስንት ዲዩቲ እንደሚደርስዎትና ክፍያው በየስንት ጊዜው እንደሚወጣ ግን መጠየቅ ይቻላል። ክፍያው ለነባር ሠራተኞች ስንት ወር እንደዘገየ የሚነግርዎ ሰው ከውስጥ ይፈልጉ። ከሰው ሀብት ክፍሉ ይልቅ እዚያው የሚሠራ ነርስ ይህን በትክክል ያውቃል።

የሌሊት ሥራ በሕግ ተጨማሪ ክፍያ አለው አይደል?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ከፍ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ለትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛው የ8 ሰዓት ተራዎ ሌሊት ላይ ቢወድቅ፣ በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነት ካልተጻፈ በቀር ሌሊት በመሆኑ ብቻ ክፍያው አያድግም።

በቁጥር እንየው። የወር ደመወዝዎ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ሥራዎ 50 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5 ተባዝቶ 75 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ 87 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት እጥፍ፣ ማለትም 100 ብር ነው። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ 125 ብር ይደርሳል። መደበኛ የሌሊት ተራ ግን ያው 50 ብር ነው።

እንግዲህ አሠሪው ከወሩ ተራ አብዛኛውን ሌሊት አድርጎ ቢሰጥዎት፣ አንድ ብር ሳይጨምር ሕግ አላፈረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ላይ መደራደር ያስፈልጋል፦ የሌሊት ተራ ብዛት ጣሪያና ለእያንዳንዱ መደበኛ ሌሊት የሚጨመር ገንዘብ። ሁለቱንም ካላገኙ ጣሪያውን ይያዙ። ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ይጠፋል፤ ያልተኙበት ሌሊት ግን ሰውነት ላይ ይቀራል፤ መድኃኒት ሲለኩ እጅ ላይም ይታያል።

ሌሊት ገብቼ የምወጣው በማግስቱ ረፋድ ነው። ይህ ስንት ሰዓት ይቆጠራል?

ሁሉም። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገብቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት የሚያስረክብ ነርስ 15 ሰዓት ሠርቷል። «አንድ ሌሊት» ተብሎ በጅምላ መመዝገቡ ሰዓቱን አያሳንሰውም። 8 መደበኛና 4 ትርፍ ሲደመር 12 ነው፤ የቀረው 3 ሰዓት በምን ስም እንደተያዘ ይጠይቁ። «በማግስቱ ታርፋለህ» ከተባሉ ያ ዕረፍት በሰሌዳው ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ካልተጻፈ የሚያርፉት ሰው ባልጎደለ ዕለት ብቻ ነው።

ከቤት ሆኖ በስልክ መጠራትም ለብቻው መነጋገሪያ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ «ስልክ ስትጠራ ትመጣለህ» የሚል ስምምነት በተግባር ከግቢው አትራቅ ማለት ነው። ተጠርተው የመጡበት ሰዓት ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ሌሊት ማን እንደሚያመላልስዎት፣ ሳይጠሩ ላደሩበትም የሚከፈል ነገር ካለ አስቀድመው ይወቁ። ለማደሪያ ክፍሉም ይጠይቁ፤ በመሐል ሜዳ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አልጋና በቂ ብርድ ልብስ የሌለው ተረኛ ክፍል ሰውን ያሳምማል።

ተራዬን አሰባስቤ ሠርቼ ለጥቂት ቀን ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ። ይቻላል?

ይቻላል። ቤተሰቡን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ትቶ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አዋጁ የሥራው ጠባይ ሰዓቱን በየሳምንቱ እኩል ለማከፋፈል የማይመች ሲሆን ከአንድ ሳምንት በላይ በሆነ ጊዜ በአማካይ እንዲሰላ ይፈቅዳል፤ አማካዩ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እስካልበለጠ ድረስ።

በ12 ሰዓት ተራ የሚሠራ ቤት ከሆነ በሳምንት አራት ተራ 48 ሰዓት ይሞላል፣ በሁለት ሳምንት ስምንት። ስምንቱን በተከታታይ ልሥራ ማለት ግን የሳምንቱን 24 ሰዓት ዕረፍት ያሳጣዎታል፤ ስድስተኛው ቀን ላይም ሰው ሰው አይሆንም። እኔ የምመክረው አምስት ቀን ሠርቶ ሁለት ማረፍ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሠርቶ አራት ማረፍ ነው። አሥራ አራት ቀን ይሞላል፣ ሰዓቱ 96 ይሆናል፣ በየሁለት ሳምንቱም አራት የተያያዘ ቀን ለቤትዎ ይተርፋል። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አድርገው ሠርተው ለኃላፊዋ ያሳዩአት። የተዘጋጀ ሰሌዳ ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት፣ «እባክዎ ያስቡልኝ» ብሎ የመጣን እምቢ ከማለት ይከብዳል።

ከዚያ መንገዱን ያስቡ። የዕረፍቱ አራት ቀን እውነተኛ አራት ቀን የሚሆነው የመጨረሻው ተራ የሚያልቅበት ሰዓት ከመኪናው ጋር ሲገጥም ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ደብረ ሲናን አልፈው ጣርማ በርን ይወጣሉ፤ ዳገቱ ላይ በክረምት ጉሙ ከዋሻው አፍ ጀምሮ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ መኪኖቹ መብራት አብርተው በዝግታ ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተራ ወጥቶ መንገድ መጀመር አይመከርም፤ ብዙ ጊዜም መኪና የለም። ዓለም ከተማ ያለ ሰው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ መኪና የሚነሣው ጠዋት ነው። ስለዚህ ከዕረፍት በፊት ያለው የመጨረሻ ተራ የቀን እንዲሆንና በማግስቱ ማልደው እንዲነሡ፣ ሲመለሱ ደግሞ የመጀመሪያው ተራ ከመንገድ ወርደው በቀጥታ የሚገቡበት ሌሊት እንዳይሆን ያስጽፉ። ሌሊት አድሮ ጠዋት በቀጥታ መንገድ የሚወጣ ሰው ሚኒባሱ ውስጥ ይተኛል፤ መኪና ራሱ የሚነዳ ከሆነ ግን በፍጹም አይሞክረው።

በዓላትስ?

ጥያቄዎን በስም ያቅርቡ። «አንዳንድ በዓል» የሚል ቃል ማንንም አያስርም። «ገናን እሠራለሁ፣ ለጥምቀት ከጥር 10 እስከ 12 ቤቴ እሆናለሁ» ሲባል ግን ኃላፊዋ የምትጽፈው ነገር አላት። አረርቲ የሚሄዱ ከሆነ ለኢራንቡቲ ጥምቀት ከሩቅም ከቅርብም ሕዝብ ወደ ምንጃር ስለሚጎርፍ፣ ተቋሙ በዚያ ሰሞን ዕረፍት ለመስጠት እንደሚቸገር ከወዲሁ ያስቡ።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ስለሚሠሩ በዓል መለዋወጥ የቆየ ልማድ ነው። ለፋሲካ የሙስሊም ባልደረባዎ ይገባልዎታል፣ ለኢድ እርስዎ ይገቡለታል። ከዚህ የተሻለ ደንብ አላውቅም። ብቻ ኢድ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን በውሉ ላይ ቀን ቆርጦ ከመጻፍ «የኢድ ቀንና ማግስቱ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ መደበኛ ሰዓት በአዋጁ እጥፍ ይከፈላል። በዓሉ ከሳምንት ዕረፍትዎ ጋር ቢገጥም ግን ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።

ውሉ «ሦስት ወር» ይላል። ስለ ቀኖቹ ማሰብ ያለብኝ ነገር አለ?

ጳጉሜን አለ። ከነሐሴ 1 እስከ ጥቅምት 30 የሚል ውል ሲቆጠር 90 ቀን ሳይሆን 95፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96 ነው። የወር ደመወዝተኛ የሚከፈለው የሦስት ወር ነው፤ ለጳጉሜን ለብቻው መክፈል በአብዛኛው የለም። እነዚያ ቀናት ደግሞ ባዶ አይደሉም። አዲስ ዓመት ይመጣል፣ መስቀል ይከተላል፣ በቆላው የወባ ወቅት ይጀምራል። ሦስት ነገሮች መጠየቅ ይችላሉ፦ ጳጉሜን ዕረፍት እንዲሆንልዎ፣ በቀን ሒሳብ እንዲከፈልዎ፣ ወይም ውሉ መስከረም 1 እንዲጀምር። የመጀመሪያውን ብዙዎች ይቀበሉታል።

ውሉ ከውጭ ድርጅት ጋር ከሆነ ቀኖቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉም ይዩ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የተራው ሰንጠረዥ በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ 7 የሚል ካገኙ ለእኛ 1 ሰዓት ነው።

ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ጣቢያ ቢልኩኝስ?

ወደየትኞቹ ክፍሎች ሊላኩ እንደሚችሉ በስም ይጻፍ። የማዋለጃ ክፍል ልምድ የሌለው ነርስ በሌሊት ብቻውን እዚያ መመደብ የለበትም። ይህ የሰዓት ድርድር ብቻ ሳይሆን የእናቶች ደኅንነት ነው፣ እንዳያፍሩበት። ወደ ሌላ ከተማ ወይም ገጠር ቀበሌ የሚላኩ ከሆነ የመንገዱ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት መቆጠሩንና የውሎ አበል መኖሩን ይጠይቁ።

«ዛሬ ሕመምተኛ የለም፣ አትምጣ» እያሉ ቀኔን ቢቀንሱብኝስ?

በወር ደመወዝ ከሆነ ደመወዙ አይነካም፤ ያ ቀን በኋላ «ካሣ» ተብሎ በዕረፍትዎ ላይ እንዳይጫን ብቻ ያስጽፉ። በተራ ቁጥር የሚከፈልዎ ከሆነ ግን በወር ቢያንስ ይህን ያህል ተራ ይሰጠኛል የሚል ዝቅተኛ ቁጥር ሳይኖር አይፈርሙ። የቤት ኪራዩ ሕመምተኛ በጠፋበት ሳምንትም ይከፈላል።

መንገድ ቢዘጋና ተተኪዬ ባይመጣ?

በእኛ አካባቢ ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው። በክረምት መንገድ በናዳ ይቆረጣል፣ አንዳንዴ በጸጥታ ምክንያት መኪና ይቆማል፣ የሰዓት እላፊ ይታወጃል። ሕመምተኛን ሳያስረክቡ መውጣት አይቻልም፤ የሙያው ግዴታ ነው፣ ማንም ነርስ አይከራከርበትም። መነጋገሪያው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተራዎ በላይ የቆዩበት ሰዓት በትርፍ ሰዓት ይመዝገብ። ከስንት ሰዓት በኋላ ተቋሙ ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ኃላፊዋን ራሷን፣ የመተካት ግዴታ እንዳለበት ይወሰን። በተቃራኒው ደግሞ እርስዎ ከዕረፍት ሲመለሱ መንገድ ቢዘጋብዎ ቀሪ ተብሎ ደመወዝ እንዳይቆረጥ፣ የደወሉበት ሰዓትም እንደ ማሳወቅ እንዲቆጠር ይጻፍ። የሰዓት እላፊ ባለበት ሰሞን የተራ መቀያየሪያው ሰዓት ከእላፊው በፊት እንዲሆን ወይም ተቋሙ መኪና እንዲያቀርብ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ብናገር ሥራውን የሚከለክሉኝ ይመስለኛል።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን አዋጁ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትመደብና ትርፍ ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል። ይህ በድርድር የሚገኝ ውለታ አይደለም፣ በስምምነትም አይሻርም። ሳይናገሩ ገብተው ሌሊት ከመመደብ፣ ተናግረው በቀን ተራ መቀጠርን እመርጥልዎታለሁ፤ ሌሊት በእግርዎ ቆመው የሚያድሩት ሁለት ነፍስ ይዘው ነው።

የሠራሁትን ሰዓት በኋላ እንዴት አረጋግጣለሁ?

የተለጠፈውን ሰሌዳ በወጣበት ቀን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። በወሩ መጨረሻ ያ ወረቀት የመጀመሪያው ወረቀት አይደለም። የማረሚያ ቀለም ተደርቦበታል፣ ስም በስም ላይ ተጽፏል፣ የአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው በቀስት ተስቧል፤ ማን በትክክል እንዳደረ ከግድግዳው ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ የራስዎ ትንሽ ደብተር ይኑርዎ፦ የገቡበት ሰዓት፣ ያስረከቡበት ሰዓት፣ የተረካቢው ስም፣ ትርፍ ከሆነ ያዘዘው ሰው። የሕመምተኛ ስም በዚያ ደብተር ላይ አይጻፍ። የርክክብ መዝገቡ ላይ ፊርማዎ ከሰዓቱ ጋር መኖሩንም አይርሱ፤ ክርክር ሲመጣ ከሁሉ የሚታመነው እርሱ ነው።

ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ነው። ካልተከፈለ ዝም ብሎ መጠበቅ ያስከፍላል፤ በአዋጁ መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ሊጠየቅ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት መጠየቅ አይቻልም። ሦስት ወር ሠርቶ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር «ይላክልሃል» ሲባል የቆየ ሰው ጊዜው እንዳለፈበት የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ተጓዥ ነርሶች እንዴት ነው የሚዋዋሉት?

በአሜሪካ የተለመደው ውል 13 ሳምንት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ተራ፣ ማለትም 36 ሰዓት። ነርሷ በኤጀንሲ በኩል ትቀጠራለች። የምትፈልጋቸውን የዕረፍት ቀኖች ከመፈረሟ በፊት በውሉ ላይ ታስጽፋለች፣ በሳምንት የሚረጋገጥላት ዝቅተኛ ሰዓትም ይጻፋል። ደመወዙን ከእኛ ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም፤ ቀኖቹን አስቀድሞ የማስጻፉ ልማድ ግን እዚህም ምንም ወጪ የለውም።

በውሉ ላይ በምን ዓይነት ቃል ይጻፍ?

የሕግ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው በተለያየ መንገድ ሊረዳው የማይችል አማርኛ ይበቃል። ለምሳሌ፦

«ሠራተኛዋ በ12 ሰዓት ተራ፣ በሁለት ሳምንት ከስምንት ተራ ያልበለጠ ትሠራለች። የሌሊት ተራ በወር ከስድስት አይበልጥም። በየሁለት ሳምንቱ አራት ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ይኖሯታል። ሰሌዳ ተራው ከመጀመሩ ከሰባት ቀን በፊት ይገለጻል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ለውጥ በሠራተኛዋ ፈቃድ ነው። ከጥር 10 እስከ 12 ዕረፍት ላይ ትሆናለች።»

ውሉ በታተመ ቅጽ ከሆነና «አይነካም» ከተባሉ፣ ይህንኑ በተለየ ወረቀት አባሪ አድርገው ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይደረግበት፣ አንድ ቅጂ ለኃላፊ ነርሷ ይሰጥ። ይህን የመጨረሻ ቅጂ አይዝለሉት።

ሁሉንም እምቢ ቢሉኝስ?

ሁሉንም እምቢ የሚል ጥቂት ነው፤ መጀመሪያም የፈለጉዎት ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ነው። መልቀቅ የሚቻለውና የማይቻለው ግን በልብዎ ቁርጥ ይበል። የበዓል ምርጫ ሊለቀቅ ይችላል። ተጨማሪ የሌሊት ክፍያም እንዲሁ። የሳምንቱ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ የሌሊት ተራ ጣሪያና ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ መነገር ግን አይለቀቁ። «ነገ ገብተህ እናየዋለን» ብሎ አንድ መስመር እንኳ ለመጻፍ የማይፈቅድ ቤት፣ ገብተው ሲያዩት ከዚህ የተሻለ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ቅጥር መተው ኪሳራ አይመስለኝም፤ ቀጣዩ ጥሪ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ጊዜው ሲያልቅ «አራዝሙልን» ካሉኝ?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጨረሻው ሳምንት፣ ወሊድ የወጣችው ባልደረባ እንደማትመለስ ሲታወቅ ነው። ውልዎ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እርስዎ ራስዎ ቀድመው ይጠይቁ። በዚያን ጊዜ ክፍሉን ያውቁታል፣ እነርሱም ያውቁዎታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያልተሰጠዎትን ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ያልወሰዱት ዕረፍት ካለ በመጀመሪያው ውል ተቆጥሮ ይለቅ፣ ወይ ይከፈል፤ ወደ አዲሱ አይንከባለል። አዲሱ ወረቀት ሳይፈረምም ከጊዜው በኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ ስምዎ እንዳይገባ ለኃላፊዋ አስቀድመው ይንገሩ።